የጥድ ቅርፊት የምትመስለውን የእሳት እራት ማን ይለይልኝ?

ሰላም ለሁላችሁ። መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ያየኋት አንዲት ትንሽ የእሳት እራት ማንነት አልታወቅ ብሎኛል።

ክንፏ ሲዘረጋ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። ግራጫ ናት፤ የተቆራረጡ ጥቁር መስመሮች አሏት። ቀን ቀን የሐበሻ ጥድ ግንድ ላይ አራቱንም ክንፎቿን ዘርግታ ልጥፍ ትላለች። መስመሮቿ ከቅርፊቱ ስንጥቅ ጋር ስለሚገጥሙ፣ ዓይኔን ዞር ካደረግኩ መልሼ አላገኛትም። በጣም ታስደንቃለች!

አቀማመጧ ጂኦሜትሪዴ የሚባለውን ቤተሰብ ይመስላል። የዚህ ቤተሰብ እጮች መሃል ሆዳቸው ላይ እግር የላቸውም። ስለዚህ ጀርባቸውን እንደ ቀስት እያጎበጡ ነው የሚሄዱት። እዚያው ጥድ ላይ እንዲህ የሚሄድ አረንጓዴ ትል አይቻለሁ። ነካ ሲያደርጉት ቀጥ ብሎ ጭራሮ ይሆናል። የእሷ ይሁን የሌላ ዝርያ ግን ማረጋገጥ አልቻልኩም።

ያለው መንገድ ትሉን አሳድጎ ምን እንደሚወጣው ማየት ይመስለኛል። የደኑ አስተዳደር ከፈቀደልኝ ልሞክረው አስቤያለሁ። የጥድ ቅርንጫፉ እንዳይደርቅ ምን ላድርግ? ብዙዎቹ የዚህ ቤተሰብ እጮች አፈር ውስጥ ገብተው ነው የሚለወጡት፤ ከሥር ምን ያህል አፈር ልጨምር? እርጥበቱስ? በጋውን የምታሳልፈው በእንቁላል ነው ወይስ መሬት ውስጥ ተሸፍና?

ደግሞ ፎቶ ብቻውን ዝርያዋን ለመለየት ይበቃል? የክንፏን የታችኛውን ገጽና አንቴናዋንም ማንሳት ካለብኝ ንገሩኝ። በኢትዮጵያ ደኖች ነፍሳት ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ የምታውቁትን አካፍሉኝ።