የቀለሃ ጌጥ፦ የት ይገዛ፣ የት ይስተካከል?

አዲስ አበባ ውስጥ ከቀለሃ የተሠራ ጌጥ የት እንደሚገኝ፣ የጠበበ ቀለበት ደግሞ የት እንደሚሰፋ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ አንድ ላይ ልጻፈው። ቀለሃ ስል ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረውን ባዶ ቅርፊት ማለቴ ነው፤ ለጌጥ የሚሆነው የናሱ ነው። በየጦር ሜዳው የቀረውን ገበሬ ይለቅመዋል፣ አንጥረኛ ያቀልጠዋል፣ ከዚያ ዶቃ ወይም አንባር ይሆናል። ይህን ሥራ በጣም እወደዋለሁ። የማይረባው በስሙ ሲሸጥላችሁ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ማግኔት ያዙ። ናስን ማግኔት አይስበውም። ብዙው የክላሽ ቀለሃ ግን ናስ ሳይሆን ብረት ነው፤ ላዩን ብቻ መዳብ ወይም ቫርኒሽ ይቀባል። ማግኔቱ ከተለጠፈ ተዉት፣ ላብ ሲነካው ይዝጋል።

«ከክላሽ ቀለሃ ተቆርጦ የወጣ ቀለበት ነው» የሚሏችሁንም አትመኑ። የክላሽ ቀለሃ በወፍራሙ በኩል እንኳ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የአዋቂ ቀለበት ደግሞ ውስጡ ከ16 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እንዴት ይገባል? ወይ ቀልጦ እንደ አዲስ ተሠርቷል፣ ወይ ከነጭራሹ ከሌላ ናስ ነው። ቀልጦ መሠራቱ ምንም ነውር የለበትም፣ ግን እውነቱን ይንገሯችሁ። ሳይቀልጥ ተቆርጦ ቀለበት የሚወጣው ድሽቃ ከሚባለው ከባድ መትረየስ ቀለሃ ነው፤ የእሱ ግርጌ ከ21 ሚሊ ሜትር ያልፋል።

አሁን ወደ ቦታው ልምጣ።

ለስጦታ ያለቀ ዕቃ ከፈለጋችሁ ቸርችል ጎዳና ይሻላል። የባህል ዕቃ መደብሮቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ አንዱን ከሌላው እያያችሁ መምረጥ ትችላላችሁ። ዋጋ መከራከር አለ፣ በመጀመሪያው ጥሪ አትክፈሉ። እንጦጦ ላይ ሴቶች ተደራጅተው የሚሠሩትን ዶቃ ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ፤ ገንዘቡ ለሠሪዋ ይደርሳል፣ ሥራውም ንጹሕ ነው። የዶቃውን ቀዳዳ አፍ በጥፍራችሁ ዳስሱት። ሻካራ ከሆነ ክሩን እንደ መጋዝ ይበላዋል፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይበተንባችኋል። ለስላሳ ከሆነ ግን ዕድሜ ልክ የሚኖር ዕቃ ነው።

ቸርችል ላይ ማስተካከል ግን አትጠብቁ። እነሱ ይሸጣሉ እንጂ አይሠሩም።

ለወፍራም አንባር፣ በተለይ አፉ ክፍት ለሆነው፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱ። እዚያ ያሉት ልጆች ከብረት ጋር የኖሩ ናቸው። በርካሽና በፍጥነት ይሠሩላችኋል። ለቀለበት ግን አልመክርም፤ መዶሻው ለስስ ነገር ይከብዳል።

ቀለበት ከሆነ ፒያሳ ነው። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ብዙ ሱቅ ተነሥቷል፣ የምታውቁት አንጥረኛ ቦታ ቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ቀድማችሁ ደውሉ። ወርቅና ብር የሚሠራ እጅ ናሱንም ያውቅበታል። አንዳንዱ «ናስ አልነካም» ይላችኋል፣ አትቀየሙ፤ ወርቁ ላይ ናስ እንዳይቀላቀልበት ፈርቶ ነው።

ጥሩውን ሠራተኛ ከሌላው የምትለዩበት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ከመለጠጡ በፊት ታሞቀዋለህ?» የቀለሃ ናስ 70 በመቶ ያህሉ መዳብ፣ 30 በመቶው ዚንክ ነው። እንዲህ ያለ ናስ ቀዝቅዞ በተመታ፣ በተጎተተ ቁጥር ይደርቃል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። እሳት ሲያገኝ መልሶ ይለሰልሳል። በውጭ አገር፣ ሕጉ ፈቅዶላቸው ያገለገለ ቀለሃ መልሰው የሚሞሉ ተኳሾች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ቀለሃው ሲተኮስ በባሩዱ ግፊት ይለጠጥና የማጉረሻውን፣ ማለትም ጥይቱ የሚቀመጥበትን የጠመንጃ ክፍል፣ ግድግዳ ይሞላል። በከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ጥይቱን የሚያጎርሰው መሣሪያው ራሱ ነው፤ ቀለሃው ትንሽ ከወፈረ ይቀረቀራል። ስለዚህ ሙሉ ቁመቱን በብረት ቅርጽ ውስጥ ጨምቀው ወደ ልኩ ይመልሱታል። ሲደጋገም አንገቱ፣ ማለትም አፉ አካባቢ ያለው ጠባብ ክፍል፣ ይደርቃል። ለዚህ ነው አንዳንዶቹ አንገቱን በየጊዜው በእሳት የሚያለሰልሱት።

የእናንተ አንባርም ያው ናስ ነው። አንድ ቤት የጓደኛዬን አንባር ሳያሞቅ በመዶሻ ሊከፍት ሲል መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ፣ «ድሮም ስንጥቅ ነበረው» ብለው መለሱላት። የፒያሳው አንጥረኛ ሲሠራ ግን ቆሜ አይቻለሁ። ቀለበቱን ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አሞቀው፣ ውሃ ውስጥ ነከረው፣ ከዚያ ሾጣጣው ብረት ላይ አስገብቶ በቀስታ እያዞረ መታው። ሲከብደው አልታገለውም፣ እንደገና እሳት አሳየው።

በጣም መስፋት ወይም መጥበብ ካለበት ይቆረጥና ይበየዳል። የብር ብየዳ ቢጫው ናስ ላይ ነጣ ያለች መስመር ይተዋል። ስለዚህ መስመሯ በመዳፍ በኩል እንድትውል ንገሩት።

ጣቴን አረንጓዴ አደረገብኝ ለምትሉ፦ መዳቡ ከላባችሁ ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ነው። በሎሚና በአመድ እሹት፣ በደንብ አድርቁት፣ ውስጡን ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀቡት።

ቀለሃ ራሳችሁ ይዛችሁ ሄዳችሁ ለማሠራት ለምታስቡ ግን፣ ባይሆን ይሻላል። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያና ጥይት ጉዳይ ጥብቅ ነው። ተኩስ ላይ ያልዋለ ጥይት ደግሞ በፍጹም እሳት አጠገብ አይቀርብም። ባዶው እንኳ ከማቀጣጠያው የተረፈ የእርሳስ ብናኝ ሊኖርበት ስለሚችል ለልጅ መጫወቻ አትስጡ። ማቅለጡም ቢሆን የቤት ሥራ አይደለም፤ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ የሳበው ሰው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል። በር ዘግቶ የሚያቀልጥ ቤት ካያችሁ ሥራውን አትስጡት።

ፒያሳ ስትሄዱ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። በጠዋት ብርድ ጣት ስለሚቀጥን፣ ያኔ የተለካ ቀለበት ቀን ላይ ይጠብቃችኋል።