ሰደድ እሳት በበጋ ለምን በደን ዳርቻ ይበዛል?

ጠያቂ (ከአንኮበር)፦
በጋው ሲበረታ በወፍ ዋሻ ደን አካባቢ እሳት ተነሣ በተባለ ቁጥር «አንድ ግድየለሽ ሰው ለኩሶት ነው» ይባልና ነገሩ በዚያው ይቀራል። እሳት የሚሰማው በአብዛኛው በደረቁ ወራት፣ ያውም ደኑ ከእርሻና ከግጦሽ በሚዋሰንበት ጠርዝ መሆኑን ስመለከት ግን ምክንያቱ ከአንድ ሰው ቸልተኝነት የሰፋ ይመስለኛል። የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ (የደን ባለሙያ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በእኛ አገር መብረቅ የሚመጣው ከዝናብ ጋር ስለሆነ፣ ሣሩና ቁጥቋጦው በደረቀበት ወቅት የሚነሣው እሳት ከሞላ ጎደል የሰው እጅ ያለበት ነው። ማር ቆራጩ ንቡን የሚያባርርበት ጢስ፣ ከሰል አክሳዩ በደንብ ያላጠፋው ጉድጓድ፣ እረኛው ብርድ ሲጠናበት ያነደደው ጭራሮ፣ ማሳ ለማጽዳት የተለኮሰ ገለባ፣ ሁሉም ሰው በሚደርስበት ዳርቻ ይጀምራሉ።

ሆን ተብሎ የሚለኮሰው ግን ለብቻው መታየት አለበት። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ሲያረጅ ለከብት አይሆንም፤ ሲቃጠል ከሥሩ ያቆጠቁጣል፣ ሣርም ይከተለዋል። በባሌ ተራሮች ከብት አርቢዎች ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ለጋ አስታ በቀላሉ እሳት ስለማይዘው፣ ቀድሞ የተቃጠለው ቦታ ለሚቀጥለው እሳት ማገጃ ይሆናል። ማቃጠል ፈጽሞ ሲቀር ያረጀው ቁጥቋጦ ያለ ክፍተት ስለሚያያዝ፣ አንድ ጊዜ የተነሣ እሳት ሰፊ ቦታ ያዳርሳል። ይህን የምለው ለወፍ ዋሻ ፈቃድ ለመስጠት አይደለም፤ ጽድ እንደ አስታ ከጉቶው አያቆጠቁጥም።

መልስ (አንባቢ)፦
የዘመኑ ድርቀትም አይዘንጋ፤ ባሌና ቦረና በ1992 ዓ.ም.፣ የሰሜን ተራሮች በ2011 ዓ.ም. የተቃጠሉት በበጋው መገባደጃ ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2012 የተመዘገቡ ሰደድ እሳቶችን የመረመረ ጥናት 84 በመቶውን ሰው እንዳስነሣው፣ የእሳቱም ወቅት በዚህ ምክንያት በሦስት እጥፍ እንደረዘመ አሳይቷል። በአፍሪካ የሣር ምድር ደግሞ በተቃራኒው፣ እርሻ ሲስፋፋ የሚቃጠለው ስፋት ቀንሷል።

መልስ (ከመንዝ)፦
እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ጓሳ የሚባለው የሣር ምድራችን ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር፤ ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ፣ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፈታል። ሁሉም የመግቢያውን ጊዜ ስለሚያውቅ፣ ያለ ጊዜው የገባ ወዲያው ይለያል። በእናንተ በኩል ማር ቆራጮችና ከብት ነጂዎች ወደ ደኑ የሚገቡበት ወቅት በቀበሌ ደረጃ ተወስኖ ያውቃል?