ዲፕሎማሲ ላይ 18 የሚደርሰው የትኛው አውሬ ነው?

ጃርቱ፦
ሰላም ጎበዞች። ዲፕሎማሲ (የቦርድ ጌሙ ማለቴ ነው፣ በፈረንጆቹ 1901 ጀምሮ 7 የአውሮፓ ኃያላን የሚፋለሙበት) ከጓደኞቼ ጋር ኦንላይን እንጫወታለን። ሁሉም በአጨዋወቱ የእንስሳ ስም ወጥቶለታል። አንዱ ጅብ ነው፤ ጤነኛ አገር አይነካም፣ ሌላው ያቆሰለውን ጠብቆ ይመጣል። አንዷ ጦጣ፤ ለሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ቃል ገብታ በሰላም ትተኛለች። እኔ ጃርት ነኝ። ማንም ላይ አልደርስም፣ የነካኝን ግን እሾህ ሳልሰካበት አልለቅም። ቶሎ አልሞትም፣ አላሸንፍም። 6 ወይ 7 ማዕከል (ካርታው ላይ ያሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጦር የሚያኖሩልህ ቦታዎች) ይዤ ሌላው ሲያሸንፍ አያለሁ። ለማሸነፍ ከ34ቱ ማዕከላት 18 መያዝ ያስፈልጋል፤ ምን ልሁን?

የሌሊት ዘብ፦
መጀመሪያ የትኛውን አገር ይዘህ ነው? ቱርክ ከሆንክ ጥግ ላይ ነህ፣ እሾህህን አቁመህ ብዙ ትቆያለህ። ኦስትሪያን ይዘህ ጃርት ልሁን ካልክ ግን ጣሊያን፣ ሩሲያና ቱርክ ተጠራርተው ይበሉሃል፣ እሾህ ምናምን የሚል የለም።

ስንዱ፦
የሌሊት ዘብ፣ እሱማ ልክ ነህ፤ ግን ልጁ ቱርክ ሲደርሰውም አያሸንፍም እኮ። ዳይስ የለም። እኩል ኃይል ሲጋጭ ሁለቱም ባሉበት ይቀራሉ፣ ለመግፋት የግድ የሌላ ጦር ድጋፍ ያስፈልጋል። ሲጀመር ደግሞ ያለህ 3 ጦር ነው፣ ሩሲያ ብቻ 4 አላት። ስለዚህ ጎረቤት ካልደገፈህ የትም አትሄድም፣ ጃርትን ደግሞ ማን ይጠጋዋል? ወንድሜ፣ መልእክት ጻፍ! አንበሳ ነኝ ባዩም 12፣ 13 ሲደርስ ድር ቢያብር እየተባለ ሁሉም ይነሳበታል።

ጃርቱ፦
እና ጦጣ ልሁን?

ባለካርታው፦
በጭራሽ። ትዕዛዝ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚገለጥ ውሸትህ እዚያው ዙር ላይ ይወጣል። ከማያውቁህ ጋር አንዴ ያዋጣል፣ ከጓደኞችህ ጋር ግን የሚቀጥለው ጌም ላይ ማንም አያናግርህም። ሜታ በ2022 ያወጣው ሲሴሮ የሚባል ኤአይ አለ አይደል? ሰሪዎቹ በአብዛኛው ሐቀኛ እንዲሆን ነው የሠሩት፣ ከአንድ ጌም በላይ ከተጫወቱት ሰዎች ጋር ሲወዳደር ከላይኞቹ 10 በመቶ ውስጥ ገባ። (በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች መልእክቶቹን አይተው እሱም ይዋሻል ብለዋል፣ እኔም አልገረመኝም።)
እኔ የምመክርህ ውሻ እንድትሆን ነው። አንድ ጎረቤት ያዝ፣ ታመንለት፣ ድጋፍ ስጠው። መክዳት ካለብህ አንዴ ብቻ ንከስ፣ ያውም በዓመቱ ሁለተኛ ዙር። ማዕከል የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ሁለት ሦስት ብትነጥቀው ወዲያው ያን ያህል ጦር ያጣል፣ ለበቀል አቅም አይኖረውም። አንድ ብቻ ነጥቀህ ጠላት ማፍራት ግን ቂልነት ነው።

ጃርቱ፦
ገባኝ። የዛሬው ጌም ላይ ጣሊያን ደርሶኛል 😩

ስንዱ፦
ውይ። ያለ ጠብ የምታገኘው ቱኒዝን ብቻ ነው። ቢሆንም ኦስትሪያ ላይ ቶሎ አትዝመት፤ እሷ ከጠፋች ሩሲያና ቱርክ ቀጥለው ወዳንተ ነው የሚመጡት። አሁኑኑ ጻፍላት።