የአራት ወቅት ጉዞና አልበም፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው የጋራ ዕቅድ

ሰኞ

ጎህ፦ የፎቶ ቡድናችን ረቂቅ ደርሷችኋል። ሐሳቡ የተነጋገርንበት ነው፤ በዓመት አራት የእግር ጉዞ፣ በየወቅቱ አንድ፣ አራቱም በዚያው በወንዙ ዳር መንገድ። መንገዱን አንቀይርም። በክረምት ጭቃ የነበረው ቦታ በበጋ ተሰነጣጥቆ፣ ያ ትልቁ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ደግሞም አውጥቶ፣ ይህን እየተከታተልን እናነሳለን። ካሜራ ያለው በካሜራው፣ የሌለው በስልኩ። ከየጉዞው እያንዳንዱ አባል አንድ ፎቶ ይመርጣል፣ ዓመቱ ሲሞላ አልበም ይታተማል። የምንጠይቀው ገንዘብ ለመኪናና ለሕትመት ነው። ጉባኤው ዓርብ ነው። የሩጫ ቡድኑም የንባብ ቡድኑም የየራሳቸውን አስገብተዋል። እስከ ሐሙስ ማታ ካላስገባን የዓመቱ ድርሻችን ለእነሱ ይከፋፈላል።

ገንዘብ ያዥ፦ ተራ ቁጥር 4 ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመር፦ «ለአልበሙ የሚቀርቡ ፎቶዎች በሙሉ አግድም ይሁኑ።» ካልተጨመረ አልፈርምም። የአምናውን አልበም ግለጡት። ቁሙና አግድሙ ተደባልቆ የገጹ ግማሽ ነጭ ሆኖ ነው የወጣው። ለነጭ ወረቀት ነው የከፈልነው።

ስልኬ ይበቃኛል፦ በሙሉ አግድም? ፏፏቴውንስ? የፏፏቴ ነገሩ ቁመቱ ነው። በአግድም ሳነሳው ወይ አናቱ ይቆረጣል ወይ ውኃው የሚያርፍበት ድንጋይ። ወደ ኋላ ሂጂ እንዳትሉኝ፣ ቦታውን ታውቁታላችሁ።

ጎህ፦ እሱን በኋላ እናየዋለን። መጀመሪያ ቀኑን እንቁረጥ። የመጀመሪያው ጉዞ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ይሁን እላለሁ። ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ሌሊቱ ጠርቶ ነፋስ ካልነፈሰ፣ ወንዙ ላይ ጉም ይተኛል። ፀሐይዋ መሬቱን ስታሞቀው ይበተናል፣ ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት አለብን። ዝናቡ አቧራውን ስለሚያጥበውም ሩቁ ተራራ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ያን ሰሞን ነው።

ትሪፖድ፦ 11 ሰዓት ይሁን። ነገ ሥራ ስለሌለኝ መንገዱን ሄጄ አየዋለሁ፣ መኪናውንም እጠይቃለሁ። ለእኔ ተዉት። በቁም የመጣውን ፎቶ ግን ክሮፕ አድርጎ አግድም ማድረግ ነው እንጂ ይህን ያህል ምን ያነታርካል?

ፒክስል ቆጣሪ፦ ያነታርካል። ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ በቁሙ ሲይዝ 3000 በ4000 ፒክስል ነው። ከዚያ ውስጥ 3 ለ 2 የሆነ አግድም ቆርጠህ ስታወጣ የሚተርፍህ 3000 በ2000 ነው። ልክ ግማሹን ጣልከው ማለት ነው። 3000 ፒክስል በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 25.4 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ኤ4 ወረቀት በአግድሙ 29.7 ነው። ነጥቡን ትንሽ ዝቅ አድርገን ኤ4 ላይ እናትመዋለን እንበል። የተጣለው ግማሽ ውስጥ ግን ሰማዩ አለ፣ ከፊት ያለው ውኃ አለ። አንሺው አስቦበት ነው ያስገባው።

ገንዘብ ያዥ፦ ታዲያ ከመጀመሪያው አግድም ያንሳ። እኔስ ምን አልኩ?

ወፍ ጠባቂ፦ ሌላ ነገር። ረቂቁ ስለ ሎኬሽን ምንም አይልም። ስልኩ ሎኬሽን ከተፈቀደለት ፎቶውን ያነሳበትን ቦታ ፋይሉ ውስጥ ይጽፈዋል። ወንዙ ዳር ቁጥቋጦው ውስጥ ጎጆ አለ። ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ከዞረ ማንም ሰው ጎጆው ሥር ድረስ ይመጣል፣ ሰው የሚያዘወትረውን ጎጆ ደግሞ ወፎቹ ጥለውት ሊሄዱ ይችላሉ። ተራ ቁጥር 6 ይሁንልኝ፦ ጎጆ በቅርብ አይነሳም፣ ፎቶ ከመላኩ በፊት ሎኬሽኑ ይጠፋል።

ስልኬ ይበቃኛል፦ ገንዘብ ያዥ፣ ያልሽውማ «ባለ ስልኮች አያስፈልጉንም» ነው። ስልክ በእጅ ሲያዝ በቁሙ ነው፣ ሰው እየተራመደ የሚያነሳውም እንደያዘው ነው። በአምናው አልበም ሽፋኑም የመሀል ገጾቹም የማን እንደነበሩ እናውቃለን።

ማክሰኞ

የፊልም ዘመን፦ ይህ አግድም የምትሉት ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። በሲኒማ ካሜራ ውስጥ ፊልሙ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ክፈፉም 18 በ24 ሚሊ ሜትር ነበር። ኦስካር ባርናክ የሚባል ጀርመናዊ ካሜራ ሠሪ ያንኑ ፊልም በጎን እንዲሄድ አድርጎ ክፈፉን እጥፍ አደረገው፣ 24 በ36። ላይካ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ቀረበ። የዛሬዎቹ ካሜራዎቻችሁ 3 ለ 2 የሆኑት ከዚያ ወርሰው ነው። ፊልሙ የሚሄድበት አቅጣጫ ያመጣው ቅርጽ ነው፤ ተራራው አግድም አንሱኝ አላለም። እ.ኤ.አ. በ1929 የወጣው ሮሌይፍሌክስ የሚባለው ካሜራ ደግሞ 6 በ6 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ አራቱም ጎን እኩል። እንደሱ እኩል ይሁንና ሁላችሁም ዕረፉ።

ፒክስል ቆጣሪ፦ ጋሼ፣ ታሪኩ ልክ ነው። እኩል ከሆነ ግን ከስልኩ ፎቶ ከቁሙም ከአግድሙም ሩብ ሩቡ ይጣላል፤ ከካሜራው አግድም ደግሞ ሲሶው።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ አያስቀይምዎትና፣ ወረቀቱ አራቱም ጎኑ እኩል አይደለም። እንደገና ነጭ ዳር ይተርፋል፣ እንደገና እንከፍላለን።

ስልኬ ይበቃኛል፦ ለዚህች ሴትዮ ፎቶ ማለት ወረቀት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ «ለዚህች ሴትዮ»? የሚያነሳው ሃያ ሰው ነው፣ ደረሰኝ ይዛ ኦዲት ፊት የምትቆመው አንድ ሰው ነች። አምና ጎደለ ሲባል ከኪሴ የሞላሁት እኔ ነኝ። ያኔ ፏፏቴ የሚያነሳ አንድም ሰው አላየሁም። ማኅተሙን ተረከቡኝ፣ የፈለጋችሁትን አትሙ።

ሰብሳቢ፦ ሁለታችሁም በቃችሁ። ማኅተም የሚያስረክብ የለም። ተራ ቁጥር 4 ላይ «በተቻለ መጠን አግድም» እንበልና እንለፍ።

ስልኬ ይበቃኛል፦ «በተቻለ መጠን» የሚለውን የሚወስነው ማነው?

ጎህ፦ ትሪፖድ፣ መንገዱን አየኸው? የመኪናውስ ነገር?

ፒክስል ቆጣሪ፦ ስለ አምናው አልበም አንድ ነገር ሳይባል አይለፍ። ሁላችንም ማተሚያ ቤቱ አደበዘዘው ብለን ተናደናል። ፋይሎቹን ትናንት ማታ ከፍቼ አየኋቸው። አብዛኛው በቻት እንደ ፎቶ የተላከ ነው። በዚያ መንገድ ሲላክ መተግበሪያው ፎቶውን ይጨምቀዋል፣ ያሳንሰዋል፤ ስልክ ላይ ያምራል፣ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። እንደ ፋይል ሲላክ ነው እንዳለ የሚደርሰው። ይህ ተራ ቁጥር 5 ይሁን።

ወፍ ጠባቂ፦ እንደ ፋይል ሲላክ ሎኬሽኑም እንዳለ ይደርሳል! ትናንት ያልኩትን ማንም አላነበበውም?

ስልኬ ይበቃኛል፦ አንብቤዋለሁ፣ ልክ ነሽ። እና ገንዘብ ያዥ፣ «ሴትዮ» ያልኩት ይነሳ። ከኪስሽ እንደሞላሽ አላውቅም ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሁን። ፏፏቴውን እኔም እወደዋለሁ።

ረቡዕ

ጎህ፦ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ አንድ ዐረፍተ ነገር ተጻጽፈናል፣ ስለ ጉዞው የተጻፈው ጥቂት ነው። ለምን አንድ መንገድ እንዳልኩ ልድገመው። ሰው ሁልጊዜ አዲስ ቦታ ሲሄድ የሚያነሳው አዲስነቱን ነው። አንድ መንገድ ሲመላለስ ነው ማየት የሚጀምረው። ከድልድዩ አልፎ ያለውን ሰፊ ቅጠል ያለውን ተክል አስቡት። በዝናብ ጊዜ ቅጠሉ ላይ ውኃ ስላለ ሰማዩ ያንጸባርቅበትና ፎቶው ላይ ነጭ ይሆናል። ፖላራይዘር ፊልተር ሌንሱ ላይ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ስታዞሩት፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ነጩ ይጠፋና አረንጓዴው ከነሥሩ ከነጅማቱ ይወጣል። ፊልተር የሌለው የፀሐይ መነጽሩ ፖላራይዝድ ከሆነ ስልኩ ፊት ይያዘው፣ ይሠራል። በበጋ ያው ቅጠል አቧራ ለብሶ፣ ዳር ዳሩ ተጠብሶ ታገኙታላችሁ። ሁለቱ ፎቶ ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው ነገሩ።

የፊልም ዘመን፦ ይሄን ነው ረቂቁ ውስጥ የምትጽፈው። ጉባኤው ይህን ቢያነብ ገንዘቡን ይሰጥሃል። ደመና ሲሆንም አትመለሱ በላቸው። አበባ በደመና ብርሃን ነው የሚያምረው፣ ጥላው ለስላሳ ነው።

ጉም፦ እኔ ዛሬ ነው የገባሁት፣ ሁሉንም አነበብኩ። ችግሩ ገጽ ከሆነ አልበሙን ለምን አንተወውም? አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንስቀለው። ግድግዳ ላይ ቁሙም አግድሙም እንደልቡ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያላችሁትም ግድግዳ ላይ ነው የሚታየው።

ስልኬ ይበቃኛል፦ አዎ!! ይሄ ነው!

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ ተስማምቻለሁ። ነጭ ገጽ የለም።

ሰብሳቢ፦ ጥሩ ሐሳብ ነው። የንባብ ቡድኑ አምና አዳራሹ ውስጥ ዝግጅት አድርጎ እንግዳ ሁሉ ስለእነሱ ነበር ያወራው። እኛም በሩን ከፍተን ሰው እንጠራለን። ጸሐፊ፣ በዚህ መልክ አስተካክይው።

ፒክስል ቆጣሪ፦ ለግድግዳ ኤ3 ይሁን ካላችሁ፣ ኤ3 በረጅም ጎኑ 42 ሴንቲ ሜትር ነው። የስልኩ 4000 ፒክስል እዚያ ላይ ሲዘረጋ በኢንች 240 ገደማ ይወጣል። ራቅ ተብሎ ስለሚታይ ይበቃል፤ ሳይቆረጥ ከሆነ ብቻ።

ጎህ፦ ግድግዳውን አልቃወምም። ክፈፉስ፣ መስታወቱስ? ከየት ነው የሚወጣው? ትሪፖድ፣ የመኪናው ነገር አሁንም አልመጣም።

ሐሙስ

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው ረቂቅ እነሆ። 1ኛ፣ በአዳራሹ የፎቶ ዐውደ ርዕይ። 2ኛ፣ ክፈፍና ኤ3 ሕትመት። 3ኛ፣ የመክፈቻ ቀን፣ እንግዶችና ድምፅ ማጉያ። 4ኛ፣ ፎቶዎች በቁምም በአግድምም ይቀርባሉ፣ እንደ ፋይል ይላካሉ። 5ኛ፣ ጎጆ በቅርብ አይነሳም፤ ሎኬሽኑን ጸሐፊዋ ከማሳተሟ በፊት ታጠፋለች። 6ኛ፣ በጀቱ ከፈቀደ የወንዝ ዳር ጉዞ፣ ቢያንስ አንድ። ክፈፉን ሳሰላው ለመኪና የታሰበውን ከሞላ ጎደል ወሰደው።

ጎህ፦ «በጀቱ ከፈቀደ፣ ቢያንስ አንድ»? ጉዞው ተራ ቁጥር 1 ነበር። ሳንሄድ ምኑን ነው የምንሰቅለው?

ጉም፦ ሁሉም ቤቱ ያለውን ያምጣ። ቆንጆ ቆንጆ ፎቶ አላችሁ፣ አይቻለሁ።

ጎህ፦ ቤታችን ያለው ከአሥር ቦታ የተለቀመ ነው። ያ ዛፍ በአራት ወቅት አይገኝበትም። መንገዱ በእግርም ይደረሳል፣ ሁለት ሰዓት ነው። የመኪናውን መስመር ሰርዙት፣ አራቱ ጉዞ ግን ተመልሶ ተራ ቁጥር 1 ይሁን።

የፊልም ዘመን፦ ልጄ፣ ሁለት ሰዓት ለአንተ ነው። እኔ በእግር አልችለውም። መኪናው ለእኔ ቢጤው ነበር የታሰበው።

ስልኬ ይበቃኛል፦ ጋሼ ካልሄዱ እኔም አልሄድም። ቢያንስ ሁለት ጉዞ በመኪና ይሁን። አንድ በዝናብ፣ አንድ በበጋ። ክፈፉን እንቀንስ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለት ጉዞ ካላችሁ ክፈፉ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሁሉም አባል አይሰቀልለትም ማለት ነው። የማን ይቀራል?

ሰብሳቢ፦ አሁን እሱን አትክፈቱት። ሁለት ጉዞ ተብሎ ይግባ፣ የክፈፉን ብዛት ከጉባኤው በኋላ እንወስናለን። ጎህ፣ አቅራቢው አንተ ነህ፣ ዓርብ የምታስረዳው አንተ ነህ።

ጎህ፦ ሁለቱ ጉዞ «በጀቱ ከፈቀደ» የሚለው ተፍቆለት ከገባ አስረዳለሁ። ካልሆነ ጉም ያስረዳ።

ጸሐፊ፦ ተፍቋል። አሁን ጉባኤው የግድግዳውን ልክ ይጠይቃል፣ ያለዚያ የክፈፉ ሒሳብ አይቀርብም። ሜትር ያለው ሰው ዛሬ ለክቶ ይላክልኝ። የአዳራሹ ቁልፍ ማን ጋር ነው?

ወፍ ጠባቂ፦ ትሪፖድ ጋር ነበር። ሁለቴ ደወልኩለት፣ አያነሳም።

ጸሐፊ፦ እስከ ማታ 3 ሰዓት እጠብቃለሁ።