ላንጋ፣ አምቦት፣ ማታ... የሂሊጋይኖን ቃላት የሚያውቅ አለ?

የደብረ ብርሃኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምትሰራው፣ አብራት አንዲት ፊሊፒናዊት አለች፣ ከኢሎኢሎ ነኝ ቋንቋዬም ሂሊጋይኖን ነው ትላለች። በአረብኛና በተሰባበረች እንግሊዝኛ ይግባባሉ ግን ልጅቷ ሲደክማትም ደስ ሲላትም በራሷ ቋንቋ ጣል ታደርጋለች። እህቴን «ላንጋ» እያለች ነው የምትጠራት። የሆነ ነገር ስትጠይቃት ደግሞ «አምቦት» ትላለች፣ እህቴ የአምቦ ውሃ ፈልጋ መስሏት ነበር። ትናንት በቮይስ የነገረችኝ ደግሞ፣ በጠራራ ፀሐይ ዓይኗን እያሸች «ማታ» «ማታ» ትላለች። ስልኬ ላይ በታጋሎግ፣ ፊሊፒንስ ውስጥ በብዛት በሚነገረው ቋንቋ፣ ፈልጌ የረባ ነገር አላገኘሁም። እህቴ እዛ ሌላ ሰው የላትም፣ በቋንቋዋ ላናግራት ብላ ቆርጣለች፣ በናታችሁ የምታውቁ ጻፉልኝ።

ጓሳ፦
እኔ ዶሃ ሆቴል ስሰራ ወጥ ቤቱ በሙሉ ከዛ አካባቢ ነበር። ላንጋ «ፓላንጋ» ከሚለው ያጠረ ቁልምጫ ነው፣ እኛ «ሆዴ» «የኔ ዓለም» እንደምንለው። «ፓላንጋ ታ ካ» ማለት እወድሻለሁ ነው፣ ለፍቅረኛ ብቻ ሳይሆን እናትም ለልጇ ትለዋለች። አምቦት ማለት «እንጃ» ነው፣ በቃ።
ታጋሎግ ላይ ያጣሽው ቋንቋው ሌላ ስለሆነ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ከመቶ በላይ ቋንቋ አለ፣ ሂሊጋይኖን ፓናይ ደሴት ላይ ኢሎኢሎና ከኔግሮስ ደሴት ምዕራቡ ክፍል ባኮሎድ የሚነገር ነው፣ የዛው ደሴት ምስራቁ ደግሞ ሴቡአኖ ይናገራል። የሁለቱ ቃላት ብዙ ስለሚመሳሰል ነው ሰው የሚሳሳተው። «ካሮን» ሴቡአኖ ሲላት አሁን ማለት ነው፣ ሂሊጋይኖን ስትላት ግን በኋላ፣ ቆይቶ ማለት ነው፣ አሁን ለማለት «ሱቦንግ» ነው የምትለው። ወጥ ቤት ውስጥ በዚች ቃል ምክንያት ሩዙ እየተቀቀለ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀዋል። ስለዚህ እህትሽ ኢንተርኔት ላይ ቃል ስታይ መጀመሪያ የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ትይ።

የፍቼው ልጅ፦
ማታ ዓይን ነው!! ዓይኗን አሟት ነው የሚሆነው፣ እህትሽ ዛሬውኑ ትጠይቃት። እኛ ፍቼ ሁለቱንም ቋንቋ እየሰማን ስላደግን ይቺ ቃል ለኔ ሦስት ሆነች ማለት ነው፣ በአማርኛ ሲመሽ፣ በኦሮምኛ ራስ፣ በነሱ ዓይን። ማሌይኛም ማታ ዓይን ነው ግን ይሄኛው የአጋጣሚ አይደለም፣ ማሌይኛና ሂሊጋይኖን ዘመዳሞች ናቸው፣ እንዲያውም እዚሁ አፍሪካ ያለው የማዳጋስካር ቋንቋ ከነሱ ዘር ነው። የኛ ማታ ግን ድምፁ ገጠመ እንጂ አይገናኝም። «ዋላ»ም እንደዛው ነው፣ የኛ ዳዊት ላይ ውኃ የምትናፍቀዋ እንስሳ ናት፣ እነሱ የለም ለማለት ነው የሚሉት፣ አጠራሩ ትንሽ ሲለወጥ ደግሞ ግራ (የቀኝ ተቃራኒ) ማለት ይሆናል።

መሪጌታ ነኝ ከመንዝ፦
ልጆቼ ደስ የሚል ነገር አነሳችሁ። የኔ የእህቴ ልጅ ቤሩት ሳለች ከነሱ ጋር ስለኖረች ጥቂት ነግራኛለች። ቡላን ይላሉ፣ ጨረቃም ወርም ነው አለችኝ። እኔ ወዲያው ግዕዙ ነው የመጣልኝ፣ ወርኅ ጨረቃም ነው ወርም ነው፣ በአማርኛ ወሩን ይዘን ለጨረቃ ሌላ ስም አወጣንላት። ይሄ ዝምድና አይደለም፣ ዘመን የሚቆጥር ሕዝብ ሁሉ ሰማይ ያያልና። «ባታ»ም ልጅ ማለት ነው ስትለኝ ታኅሣሥ 3 እመቤታችን በሕፃንነቷ ቤተ መቅደስ የገባችበትን በዓል አስቤ ገርሞኛል፣ ነገር ግን የኛ በአታ መግባቷ ማለት ነው፣ ከልጅ ጋር አይገናኝም።
በእውነት የሚገናኙት ሌሎች ናቸው። «ሳላማት» የሚሉት ምስጋና ከዓረብኛ የሄደ ነው፣ ሥሩ የኛው ሰላም ነው። ሻማን «ካንዲላ» ይላሉ፣ እስፓኞች ከ1565 እስከ 1898 ሲገዟቸው የተዉላቸው ነው፣ የኛ ቀንዲል ደግሞ በዓረብኛ በኩል የመጣ፣ መነሻቸው አንድ የላቲን ቃል ነው። እኔ ከሁሉም ይቺን ወደድኳት።

የደብረ ብርሃኗ፦
እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ ሁላችሁም ተባረኩ። እህቴ ጋ ደወልኩ፣ እውነትም ዓይኗ ቀልቷል አለችኝ፣ ጠብታ ሊገዙላት ነው። ልጅቷ ከእህቴ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ምን ብላ ትጥራት?

ጓሳ፦
«ማናንግ» ትበላት፣ እንደ እትዬ ነው፣ ወንድ ታላቅ ከሆነ «ማኖንግ»። ሰላምታው ጠዋት «ማአዮንግ አጋ»፣ ሲመሽ «ማአዮንግ ጋብኢ» ነው። ደግሞ ሽሮ ሰርታ ታብላትና «ናሚት?» ብላ ትጠይቃት፣ ጣፈጠሽ ወይ ነው፣ ሴቡአኖ ብትሆን «ላሚ» ነበር የምትለው። «ናሚት ጊድ» ብላ ከመለሰች በጣም ወዳዋለች ማለት ነው፣ ያቺ «ጊድ» የኢሎንጎ ሰው (ሂሊጋይኖን ተናጋሪ ማለት ነው) አፍ ላይ አትጠፋም።