የ1966 ሙስታንግ፦ ሞተሩን ላስነሳ ወይስ ቦዲውን ላስቀድም?

አዲስ ጀማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ! የ1966 ፎርድ ሙስታንግ እጄ ገብቷል (ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው)። ሃርድቶፕ (ጣሪያው የማይታጠፍ ብረት) ነው፣ ሞተሩም 289 ቪ 8 (289 ኪዩቢክ ኢንች፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር) ነው ተብያለሁ። ለረጅም ዓመታት መጠለያ ሥር ቆሞ ስለኖረ ከላይ ሲያዩት ያምራል። ኮፈኑን ሲከፍቱት ግን ሌላ ነው። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን ደርቆ ተጋግሯል፣ የባትሪው ገመድ ጫፍ አረንጓዴ ሆኗል፣ የጎማ ቱቦዎቹ ገና ሲነኩ ይሰነጠቃሉ። ሞተሩን እስካሁን አልነካሁትም።

መኪናውን ልሸጠው አይደለም። ራሴ ሠርቼ ራሴ ልነዳው ነው። ካንዴላና የፍሬን ሸራ መቀየር፣ ካርቡራተር ማጽዳት እችላለሁ፣ ብየዳ ግን ገና እየተማርኩ ነው።

አንዱ ወዳጄ እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ፈታተህ ከዜሮ ጀምር ይለኛል። ሌላው ደግሞ መጀመሪያ ሞተሩን አስነሳና ድምፁን ስማ፣ ሞራልህ ይነሳል ይላል። እናንተ ምን ትላላችሁ? ያሁኑ ቤንዚን እርሳስ ስለሌለው ሞተሩን ይጎዳዋል የሚባለውስ እውነት ነው? ደግሞስ ሁሉንም እንደ ፋብሪካው ልተወው ወይስ የሚሻሻለውን ላሻሽል?

ላሜራ ወዳድ፦

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! ለመጀመሪያ ሥራ ከዚህ የተሻለ መኪና አልመክርህም። ከበር ጎሚኒ ጀምሮ እስከ ወለል ላሜራ ድረስ አሁንም አዲስ የሚመረትለት መኪና ነው። ስቱድቤከር ወይም ፓካርድ ቢሆን፣ ማለትም ፋብሪካቸው ድሮ የተዘጋ መኪናዎች፣ አንዲት የመብራት ክፈፍ ስትፈልግ ትከርም ነበር።

መጀመሪያ የመኪናውን መለያ ቁጥር አንብብ። ኮፈኑን ክፈትና በሹፌሩ በኩል ከፓራፋንጎው በስተውስጥ ያለውን የላሜራ ጠርዝ ጥረገው፣ እዚያ ላይ ተመትቷል። የመጀመሪያው 6 ዓመቱ ነው። ቀጥሎ ያለው ፊደል ፋብሪካውን ይነግርሃል፤ ኤፍ ከሆነ ዲርቦርን፣ አር ከሆነ ሳን ሆዜ፣ ቲ ከሆነ መታቸን ማለት ነው። 07 ሃርድቶፕ ነው። ከዚያ የሚመጣው የሞተሩ ፊደል ነው። ሲ እና ኤ 289 ናቸው። ኬ ያ ሁሉም የሚፈልገው ባለ ከፍተኛ ጉልበት 289 ነው። ቲ ካገኘህ ግን መኪናው ከፋብሪካ የወጣው በስድስት ሲሊንደር ሞተር ነው፣ ቪ 8ቱ በኋላ የገባ ነው ማለት ነው። ቸርኬውንም እይ። የዚያ ዘመን ባለ ስድስቱ ሙስታንግ ቸርኬው በ4 ዳዶ ነው የሚታሰረው፣ ቪ 8ቱ በ5። ቪ 8 ተጭኖበት 4 ዳዶ ካየህ ፍሬኑም የትንሹ ሞተር ፍሬን ነው፣ እሱ ሳይቀየር መንገድ ላይ እንዳታወጣው።

ቀጥሎ ውሃ። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ኮፈኑ የሚያልቅበት ጋ፣ አየር የሚያስገባ ወንፊት አለ አይደል? የሙስታንግ ዋናው በሽታ እዚያ ውስጥ ነው። ቅጠልና አፈር ይከማችበታል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ከላይ ግን ምንም አይታይም። ምንጣፉን አውጣና አንድ ሰው መብራት ይዞ ዳሽቦርዱ ሥር ይተኛልህ፣ አንተ ከላይ ቀስ እያልክ ውሃ አፍስስ። ጠብ ካለ ወለሉን ከመንካትህ በፊት እሱን ነው የምትጠግነው። አለበለዚያ የምትበይደው አዲስ ወለል ራሱ ይበሰብሳል።

ይህ መኪና እንደ 57ቱ ሸቭሮሌ ቤል ኤር ቦዲውን ከሻሲው የምታነሳለት ዓይነት አይደለም። ለብቻው ሻሲ የለውም፣ ጭነቱን የሚሸከመው ወለሉና ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ራሱ ነው። ስለዚህ በክሪክ ከፍ አድርገህ በሩን ክፈትና ዝጋ። መሬት ላይ እያለ በደንብ ይገጥም የነበረ በር ከፍ ሲል መግጠም እምቢ ካለ ከሥር ተበልቷል። ወለል የምትቆርጥ ከሆነም በመጀመሪያ በሩ የሚገጥምበትን ክፍት ቦታ በብረት ቱቦ ከዳር ዳር በይደህ አስረው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቀለሙ ደህና ነው ብለህ አትመን። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ከበሮቹ ሥርና ከኋላ ጎማዎቹ ዙሪያ አስኪደው። የማይዝበት ቦታ ስቱኮ (ጉድለት መሙያ ልስን) ነው።

የቪ 8 ሰው፦

ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እነዚህን ሞተሮች ስፈታና ስገጥም ነው የኖርኩት። በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ለማስነሳት አትቸኩል። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ በዝገት ይዞ ከሆነ በግድ ስታዞረው ቀለበቱን ትሰብራለህ፣ ቫልቭ ይዞ ከሆነ ደግሞ ቫልቩን የሚገፋውን ዘንግ ታጣምማለህ።

ካንዴላዎቹን በሙሉ ፍታ። በየቀዳዳው ቀጭን ዘይት ጨምርና ለጥቂት ቀናት ተወው። ከዚያ ከፊት ባለው የክራንክ ሻፍት ቡሎን ላይ ረጅም ቁልፍ አግብተህ በእጅህ አዙረው። ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ፣ ሳትታገል። የዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን) ክዳን ከፍተህ ከሆነ ውስጥ ያለው ሮተር አብሮ ሲንቀሳቀስ ታየዋለህ። ክራንኩ ብዙ ዞሮ ሮተሩ ዘግይቶ ከተነሳ የታይሚንግ ሰንሰለቱ ላልቷል። በዚያ ዘመን ብዙ የአሜሪካ ቪ 8 ሞተሮች ይህ ሰንሰለት የሚያዞረው የካም ሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጥርሱ በናይለን የተሸፈነ ነበር። ናይለኑ ሲያረጅ ይሰባበራል፣ ስባሪው ዘይት መያዣው ውስጥ ይወድቅና የዘይት ፓምፑን መምጠጫ ይዘጋዋል።

እሺ ካለህና በነፃ ከዞረ አሮጌውን ዘይት አፍስስ። አሽትተው። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ የቤንዚን ፓምፑ ዲያፍራም ተቀዷል፣ ቤንዚኑን ወደ ዘይቱ እየላከው ነው። አዲስ ዘይት ከሞላህ በኋላ ሮተሩ ያለበትን ቦታ ምልክት አድርገህ ዲስትሪቢዩተሩን አውጣ። ከሥሩ ያለችውን ባለ ስድስት ጎን ዘንግ በትራፓኖ አዙራት፣ ከላይ ሆነህ ስታያት በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ። ፓምፑ ዘይት ሲይዝ ትራፓኖው ይከብድሃል፣ እጅህ ላይ ይታወቅሃል። ሞተሩ ሳይነሳ ዘይት ቤሪንጉ ጋ ደረሰ ማለት ነው። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ስንት ዓመት ደርቆ የቆመ ብረት መጀመሪያ ዘይት ሲያገኝ በጆሮ ይሰማል።

ለማስነሳት የመኪናውን ታንክ አትጠቀም። ከንጹሕ ጀሪካን በአዲስ ቱቦ ስጠው። ፑንቲናውን (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየከፈተ እየዘጋ የሚያቀጣጥለውን መገናኛ) 0.43 ሚሊሜትር አካባቢ ክፈት። ሲሊንደሮቹ የሚቀጣጠሉበት ተራ 1-5-4-2-6-3-7-8 ነው፣ የሸቭሮሌው ተራ ሌላ ስለሆነ እንዳይምታታብህ።

ስለ እርሳሱ። ድሮ እርሳሱ የጭስ ማውጫ ቫልቮቹን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቅ ነበር። ለሽርሽር የምትነዳው ከሆነ ብዙ አትጨነቅ። ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ክዳን) በሌላ ምክንያት የወረደ ዕለት ጠንካራ መቀመጫ አስገባበት፣ አለቀ። ይልቅ የሚያሳስበኝ ኤታኖሉ (ቤንዚን ውስጥ የሚቀላቀለው አልኮል) ነው። ኤታኖል የተቀላቀለ ቤንዚን አሮጌ ጎማ ይበላል፣ ውሃም ይስባል። ስለዚህ ቱቦዎቹን ሁሉ ኤታኖል በሚችል ቀይር። ዘይቱም ዚንክ በደንብ ያለበት ይሁን፣ የዚህ ሞተር ካም ሻፍት ላይ ታፔቶቹ እየተፈጉ ነው የሚሠሩት፣ ለአዲስ መኪና የሚሸጠው ዘይት ደግሞ ዚንኩ ቀንሷል።

አዲስ ጀማሪ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እንዲህ ተደርጎ ሲብራራልኝ የመጀመሪያዬ ነው። አሽትቼው እመለሳለሁ።

ቤል ኤር 57፦

ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ እኔ ግን ፍሬኑን ነው የማስቀድመው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ መኪናውን ትንሽ ላንቀሳቅሰው የማይል ሰው የለም፣ ያኔ ደግሞ ፍሬኑ አይይዝም።

የ66ቱ ሙስታንግ የፍሬን ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው) ነጠላ ነው። አራቱም ጎማ በአንድ መስመር ነው የሚቀዳው፣ አንድ ቦታ ላይ ከፈነዳ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ አበቃ። ፎርድ ለ67ቱ ሞዴል የፊትና የኋላውን ለይቶ ባለ ሁለት ክፍል አደረገው። ያንን ወደ አንተ መኪና ማምጣት የታወቀ ሥራ ነው። የብረት መስመሮቹን እግረ መንገድህን ቀይራቸው። የጎማ ቱቦዎቹንም አትመናቸው፣ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያብጣሉ፣ ዘይቱ ይሄዳል ግን አይመለስም፣ ጎማው ተይዞ ይቀራል። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ (ሲተነፍሱት ሳንባ የሚጎዳ) ሊኖረው ስለሚችል የታምቡሩን አቧራ በኮምፕሬሰር እንዳትነፋው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ፍታ የሚለውን ምክር አልቀበለውም። የእኔ ሸቭሮሌ በካርቶን ተፈታትቶ ነው የመጣው። የሚነዳ መኪና በየክፍሉ ሲጠገን ሰውም ልቡ አብሮ ይሄዳል፣ የተበተነ መኪና ግን ቦታ ይዞ ይቀራል። በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ፍታ። ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሳ፣ ቡሎኖቹን በየከረጢቱ አድርገህ ስማቸውን ጻፍባቸው። አዲስ ላሜራ እስኪገጥምልህ ድረስ አሮጌውን እንዳትጥል። የፋብሪካው ፓራፋንጎ ትንሽ ቢጎዳም ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ቅጂ የተሻለ ይገጥማል።

ፑንቲና፦

በማሻሻሉ ላይ ልግባ። ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ መግጠም ጥሩ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ እንኳን ፑንቲናውን እመርጣለሁ፣ መንገድ ላይ ቢያስቸግር በካቻቪቴና በአሸዋ ወረቀት ታስተካክለዋለህ። ኤሌክትሮኒኩ ሲቃጠል መኪናው ተጎትቶ ነው የሚገባው። ከገጠምክም ከቁልፉ ወደ ኮይሉ (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው) የሚሄደው ሮዝ ሽቦ ተራ ሽቦ አይደለም፣ ቮልቴጅ የሚቀንስ ነው። አዲሱ ዕቃ ሙሉ 12 ቮልት ፈልጎ ከዚያ ሽቦ ላይ ከቀጠልከው ያንቀዋል።

የምታሻሽለውን ሁሉ የሚመለስ አድርገው። ሳትበሳ፣ ሳትቆርጥ፣ ኦሪጅናሉንም ስም ጽፈህ አስቀምጠው። በፍሬኑ ላይ ግን ከቤል ኤር 57 ጋር ነኝ፣ ደኅንነት ላይ ኦሪጅናል አይባልም።

አዲስ ጀማሪ፦

ተመልሻለሁ! ፊደሉ ሲ ነው፣ ቸርኬውም 5 ዳዶ። ሞተሩ በእጅ ዞሯል፣ ሰንሰለቱ ትንሽ ላላ ብሏል። ዘይቱ ቤንዚን አይሸትም። ውሃው ግን በሹፌሩ በኩል ከፔዳሎቹ በላይ ጠብ ጠብ አለ። ይህን ከሥር ሆኜ በማሸጊያ ልዝጋው?

ላሜራ ወዳድ፦

እንዳትሞክረው። ከሥር ስታሽገው ውሃው መውጫ ያጣና ውስጥ ይተኛል። የተበላው አየር ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ክብ አንገት ነው፣ እሱ ጋ ለመድረስ የላይኛውን ላሜራ ማንሳት አለብህ። ኮፈኑንና ፓራፋንጎዎቹን አውርድ። የነጥብ ብየዳዎቹን አንድ በአንድ እየፈለግህ በነጥብ ብየዳ መፍቻ ትራፓኖ ብሳቸው፣ የላይኛውን ብቻ እንጂ የሥረኛውን እንዳትበሳ። በተሳፋሪው በኩል ያለውንም አንገት አብረህ እይ፣ አንዱ ከሄደ ሌላው ብዙም አይቆይም። አዲሱን አንገት በይደህ፣ ፀረ ዝገት ቀብተህ፣ ስፌቱን አሽገህ፣ የላይኛውን ሳትመልስ ውሃውን እንደገና አፍስስበት። ብየዳ እየተማርክ ስለሆነ ደግሞ በተመሳሳይ ውፍረት ቁራጭ ላሜራ ላይ ተለማመድ፣ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበሳል። ላሜራውን ስታነሳው ከውስጡ ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን፣ ምን ያህል መቆረጥ እንዳለበት አብረን እናያለን።