የሦስት መዝገብ ቁጥር አልገጥም አለኝ፤ ትንሽ ቲያትር ቤት ዳታውን ከየት ይጀምር?

ጠያቂ፦ የመጋረጃ ጀርባ

ሰላም ለሁላችሁ። ለትርፍ ያልቆመ ትንሽ የቲያትር ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ አስተዳደር ይባላል እንጂ ትኬት እቆርጣለሁ፣ ደሞዝ አሰላለሁ፣ ሪፖርት እጽፋለሁ፣ ሰው ሲጎድል መብራትም ላይ እቆማለሁ። 11 ዓመት ሆነኝ።

ሰሞኑን አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛል። ከለጋሾቻችን አንዱ የሪፖርት ቅጹን ቀየረው። በፊት የሚጠይቀን «ስንት ሰው መጣ?» ብቻ ነበር። አሁን ስንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደመጣ፣ ስንቱ ተመልሶ እንደመጣ፣ ወጣቱ ምን ያህል እንደሆነ ጻፉ ይላል። ጥያቄው አልከፋኝም። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቅጹን ለመሙላት ሦስት መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁ። አንዱ በር ላይ የሚቆመው ልጅ በስክሪብቶ እየጫረ የሚቆጥርበት ደብተር ነው። ሁለተኛው የትኬት ጉርድ የምናስቀምጥበት ፖስታ ነው። ሦስተኛው በስልክ ቦታ የያዙ ሰዎችን ስም የምንጽፍበት ኤክሴል ነው። ለአንዲት የቅዳሜ ምሽት ትርኢት ደብተሩ 112 ይላል። ጉርዱ ሲቆጠር 97 ሆነ። ኤክሴሉ ላይ 131 ሰው አለ። አንድ ምሽት፣ አንድ አዳራሽ! የቱን ልጻፍ? እስከዛሬ ትልቁን እየጻፍን እንደኖርን ሳስበው ደነገጥኩ። ለማታለል ብለን አይደለም። ማንም ቁጭ ብሎ አስተያይቶት ስለማያውቅ ነው።

የቦርድ አባላቱ ለሁለት ተከፍለዋል። ገሚሱ «ባለሙያ ቀጥረን ጥናት እናሠራ» ይላል። ገሚሱ «ለጥናት የሚወጣው ገንዘብ ለመድረኩ ይዋል» ባይ ነው። ለሁለቱም አልፈርድባቸውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት መስማት ለተሳናቸው ልጆች በምልክት ቋንቋ አንድ ትርኢት ሠርተን ነበር። በአንድ ጊዜ የሚያየው 30 ሰው ብቻ ነው። አንድ ቀን ትርኢቱ ሲያልቅ አንዲት ልጅ መድረኩ ጫፍ ድረስ መጣች። የተዋናይቷን እጅ ያዘችና ቅድም ያየችውን ምልክት መልሳ ሠራችላት። ተዋናይቷ እዚያው ተንበረከከች። ያቺን ልጅ የቅጹ የትኛው ሳጥን ውስጥ ልጻፋት? ቁጥር ማየት ስንጀምር ቀድሞ የሚሰረዘው ያ ትርኢት እንዳይሆን እፈራለሁ።

እንደኛ ያለ ትንሽ ድርጅት ከየት ይጀምር? ጥናትስ በእርግጥ ድርጅት ያጠነክራል ወይስ ሪፖርት ማሳመሪያ ነው? የሠራችሁበት ካላችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።

መልስ፦ ቆጣሪዋ

እህቴ፣ የሦስቱን መዝገብ ነገር ሳነብ የራሴን ቢሮ ያየሁ መሰለኝ። እኔ ሙዚየም ውስጥ የጎብኚ መረጃ ላይ ነው የምሠራው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

በመጀመሪያ፣ ሦስቱም ቁጥሮችሽ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የሚቆጥሩት ነገር ነው የሚለያየው። ኤክሴሉ ለመምጣት ያሰበውን ይቆጥራል። ጉርዱ የከፈለውን። ደብተሩ ደግሞ በሩን ያለፈውን ሁሉ፣ በነጻ የገባውንም ጨምሮ። እስካሁን «ተመልካች» ስትሉ ማንን እንደሆነ ተነጋግራችሁ አታውቁም። ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጻፉት። ለምሳሌ «ተመልካች ማለት ገብቶ የተቀመጠ ሰው ነው፤ በዚያ ምሽት በሥራ ላይ ያለ ሠራተኛና ተዋናይ አይቆጠርም» በሉ። በሩ ላይ ለጥፉት። ቦታ የያዘውንና የከፈለውንም ጎን ለጎን ጻፉ፣ አትጣሉት። ልዩነቱ ራሱ የሚነግራችሁ ነገር አለ። 131 ሰው ቦታ ይዞ 112 ከገባ ቢያንስ 19 ሰው ቀርቷል። ጠዋት ላይ አጭር የማስታወሻ መልእክት ብትልኩላቸው ይመጡ ነበር? ይህንን በሁለት ወር ሞክራችሁ ታውቁታላችሁ። ለዚህ ባለሙያ አያስፈልግም።

የአቆጣጠር ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ ትልልቆቹንም ያስቸገረ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 በፔንስልቬንያ የባህል ዳታ ፕሮጀክት የሚባል ሥራ ተጀመረ። ከዚያ በፊት የኪነ ጥበብ ድርጅቶች ያንኑ ቁጥር ለየለጋሹ በየቅጹ ደጋግመው ሲሞሉ ይከርሙ ነበር። ፕሮጀክቱ አንድ የጋራ ቅጽ አወጣ። አንዴ ሞልተሽ ለብዙ ለጋሽ ታቀርቢዋለሽ። ሁሉም በአንድ ዓይነት መቁጠር ሲጀምር ደግሞ አንዱ ቲያትር ራሱን ከመሰሎቹ ጋር ማስተያየት ቻለ። ሥራው እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2018 ከሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ጥናት ማዕከል ጋር ተዋሃደ። ዛሬ ኤስኤምዩ ዳታአርትስ ይባላል። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከአንድ ቅጽ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ሁሉንም ለማወቅ አትነሱ። እኛ በዚህ ተሸውደናል። ባለ 42 ጥያቄ መጠይቅ አዘጋጅተን መውጫው ላይ አስቀመጥን። ሰው ቆሞ አንድ ገጽ ይሞላና ስክሪብቶውን አስቀምጦ ይሄዳል። ወረቀቱ ሁለት ካርቶን ሞላ። ካርቶኖቹ ደረጃ ሥር ስምንት ወር ተቀመጡ። ማንም አልከፈታቸውም። መልሱን አይተን የምንወስነው ነገር አልነበረማ! ጊዜያቸውን የሰጡንን ሰዎች ሳስብ እስካሁን ያሳዝነኛል።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ ጥያቄ ብቻ ያዝን፤ አንዴ የመጣ ሰው ተመልሶ ይመጣል ወይ? ስልክ ቁጥራቸውን ፈቅደው የሰጡንን ጎብኚዎች ዝርዝር አተምኩት። አንዴ የመጣውን በቢጫ፣ ሁለቴና ከዚያ በላይ የመጣውን በአረንጓዴ አቀለምኩ። ሁለት ምሽት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ነው የጨረስኩት። ገጽ ብገልጥ ቢጫ። እንደገና ብገልጥ ቢጫ። አረንጓዴው ጠፋብኝ። እኛ ደግሞ ሁልጊዜ የምናወራው አዲስ ጎብኚ ስለማምጣት ነበር።

ከቢጫዎቹ ለተወሰኑት ደወልን። ኤግዚቢሽኑን የጠላው ብዙ አልነበረም። «ቀጥሎ ምን እንዳለ አልሰማሁም» ነው ያሉን። በቃ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው የሚቀጥለውን ፕሮግራም በእጁ ሳይዝ አይወጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው ደግሞ በሳምንቱ የምስጋና መልእክት ይደርሰዋል። ሁለት ዓመት ከርሞ እንደገና ሳቀልም አረንጓዴውን መፈለግ አላስፈለገኝም።

የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ዘጠኝ የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች የትኬት መዝገባቸውን አንድ ላይ አስጠንተው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮንሰርት ከመጣው ሰው አብዛኛው ተመልሶ አይመጣም። ለመመለስ ከሚያበረታቱት ነገሮች አንዱ ምን ሆኖ ተገኘ መሰለሽ? የመኪና ማቆሚያ! መድረኩ ላይ ብቻ ዓይኑን የተከለ ሰው ይህንን በምን ያውቀዋል?

ስለ ባለሙያው፣ መቅጠሩን አልቃወምም። ግን አሁን ብትቀጥሩት ክፍያው የእናንተን ደብተር በማስተካከል ያልቃል። አንድ ዓመት በደንብ ቁጠሩ፣ ከዚያ ጥሩት። ስልክ ስትመዘግቡ ደግሞ ለምን እንደሆነ ለሰዉ ንገሩት፣ እምቢ ካለም ተዉት።

መልስ፦ የሂሳብ ሰው

ከላይ የተባለው ልክ ነው። ግን የተመልካች ቁጥር የነገሩ ግማሽ ነው። እኔ የኪነ ጥበብ ድርጅቶችን ሂሳብ ስመረምር ኖሬያለሁ። ተመልካች ሞልቶላቸው የተዘጉ አይቻለሁ።

አንዱን ላንሳ። የባንክ ሂሳባቸው ላይ ያለው ገንዘብ ዓመት የሚያኖር ይመስላል። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎት ሁለት ሰው ሊቀጥር ነበር። እያንዳንዱን ልገሳ ከውሉ ጋር ሳስተያየው ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ለተወሰነ ፕሮጀክት የተሰጠ ነው። «ለልጆች ሥልጠና ብቻ»፣ «ለአልባሳት ግዢ ብቻ» ይላል። በዚህ ገንዘብ ኪራይ አይከፈልም። ለኪራይና ለደሞዝ መዋል የሚችለውን ለብቻ አውጥቼ ለወር ወጪያቸው ሳካፍለው ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ሰውየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ወረቀቱን አየው። ቅጥሩን ተወውና ለሁለት ለጋሾች ደብዳቤ ጻፈ። አንደኛው ገደቡን አነሳለት።

ስለዚህ እህቴ፣ ከተመልካች ቁጥር ጎን አንዲት ቁጥር ጨምሪ። ገደብ የሌለበትን ገንዘብ ለአንድ ወር አማካይ ወጪ አካፍይው። ስንት ወር መኖር እንደምትችሉ ይነግርሻል። በየወሩ ለቦርዱ አሳዪው። ከረጅም ሪፖርት ይልቅ እሱ ያነጋግራቸዋል።

ወጪያችሁ ከትኬት ገቢያችሁ ሁልጊዜ ቀድሞ ቢሄድ ደግሞ ወዲያው ራሳችሁን አትውቀሱ። ባውሞልና ቦወን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1966 ነገሩን ከሥሩ አስረድተውታል። ፋብሪካ በአዲስ ማሽን በትንሽ ሰው ብዙ ያመርታል። ለአራት ሰው የተጻፈ ሙዚቃ ግን ከ200 ዓመት በፊትም አራት ሰው ነው የሚጫወተው፣ ዛሬም አራት ነው። የውጭው ደሞዝ ሲያድግ የሙዚቀኛውም ማደግ አለበት። ክፍተቱ ከዚህ ይመጣል። ለጋሽ ፊት ቀርባችሁ ይህንን በራሳችሁ የአምስት ዓመት ሂሳብ ብታሳዩት ውሃ የሚያነሳ ክርክር ይሆናል።

መልስ፦ መድረክ ላይ ያለሁ

ተዋናይ ነኝ። ስለዚያች ልጅ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ፍርሃትሽ ይገባኛል። እኛ ጋ አንድ ጥሩ ሥራ «ተመልካች አላመጣም» ተብሎ ሲወርድ አይቻለሁ። ግን ጥፋቱ የመቁጠር አይመስለኝም። 30 ሰውን ከ112 ጋር ማወዳደር ነው ጥፋቱ። ያን ትርኢት ከራሱ ዓላማ ጋር አስተያዩት። ከመጡት ልጆች ስንቶቹ ከዚያ በፊት ቲያትር አይተው አያውቁም? ስንት ወንበር ነበር፣ ስንቱ ተያዘ? 30ው ወንበር ሁሌ የሚሞላ ከሆነ እኮ ያ ትርኢት ከቅዳሜው ይበልጣል!

አንድ ነገር ደግሞ እለምንሻለሁ። ያየሽውን በዚያው ምሽት ጻፊው። ቀኑን፣ ትርኢቱን፣ የሆነውን። የልጅቷን ስም ተዪው። እኛ ከመድረክ ጀርባ አንድ ደብተር ሰቅለናል፤ ማንም ያየውን ይጽፍበታል። ሪፖርት ሲደርስ ከቁጥሩ ጎን ይገባል።

መልስ፦ ቆጣሪዋ

ተዋናዩ ያለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። መጠይቅ የሚሞላልሽ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወድሽ ሰው ነው። ያልመጣው መልሱ የለም። ለዚህ ነው የአሜሪካው ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ሲያስጠና አዳራሽ የገባውን ሳይሆን በየቤቱ ያለውን ሰው የሚጠይቀው። እናንተ ያን ያህል አትችሉም። ግን መስማት የተሳናቸው ልጆች ወደሚማሩበት ሄዳችሁ አሥር ወላጅ «ለምን አልመጣችሁም?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። የመቶ ተመልካች መጠይቅ የማይነግራችሁን ይነግሯችኋል።

ጠያቂ፦ የመጋረጃ ጀርባ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሳምንት ጠፍቼ የቆየሁት እየሞከርኩት ስለነበር ነው።

ለለጋሹ ደወልኩና እውነቱን ነገርኩት። ሦስቱንም ቁጥር ከነምንነታቸው ጻፉልኝ አለ። ስለ ድሮዎቹ ሪፖርቶችም አነሳሁበት። ከዘንድሮ ጀምሮ አቆጣጠሩ እንደተቀየረ በግርጌ ግለጹ ብሎኛል። ቀለል አለኝ። የገደብ አልባውን ገንዘብ ሂሳብ ትናንት ሠራሁት። ወደ ሁለት ወር ከግማሽ ነው የመጣው። ሰኞ ለቦርዱ አቀርባለሁ። ስለ ባለሙያው ቅጥርም እስከ ሚቀጥለው ዓመት ይቆይ ልላቸው ነው። ከወላጆቹም ከሦስቱ ጋር ተገናኝቻለሁ። ሦስቱም ትርኢቱ የሚጀምርበት ሰዓት ልጆቹ ከትምህርት ቤት ከሚወጡበት ጋር እንደማይገጥም ነገሩኝ። እኛ ደግሞ ያን ሰዓት የመረጥነው ለእነሱ ይመቻል ብለን ነበር። አንድ ሰዓት እንገፋዋለን።

«ተመልካች ማለት» የሚለውን ወረቀት በሩ ላይ ለጥፈናል። ቅዳሜ ማታ በር ላይ የሚቆመው ልጅ ደብተሩን ይዞ እየሮጠ መጣ። «የመብራት ሠራተኛው እናት መጥተዋል፣ ይቆጠራሉ?» አለኝ።

«ከተቀመጡ ይቆጠራሉ» አልኩት። ሄዶ ወንበር ፈለገላቸው፣ ከዚያ ደብተሩ ላይ አንድ ጫረ።